የአይቲ ተማሪ ጌም ሠርታ መመረቅ ትችላለች ወይ? ለአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የሞጣ ልጅ ናት፤ በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተምራ ሦስተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነው። ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ የስልክ ጌም ለመሥራት አስባ ስታማክር አንድ መምህር «ጌም መዝናኛ ነው፤ የአይቲ ሥራ አይደለም» አሏት። «መምህር፣ ወደ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ መቀየር ነበረብኝ ወይ? በውጭ አገር ማስታወቂያዎች ላይ የማየው የኦነርስ ዲግሪ ምንድን ነው፤ ጌም ለመማር የግድ ያስፈልጋል ወይ? ያለኝ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ስትል ጠይቃለች።

ውድ እኅቴ፣

ከመጀመሪያው ጥያቄሽ ልነሣ። የትምህርት ክፍል መቀየር አያስፈልግሽም ነበር፤ አሁንም አያስፈልግሽም። በአራት ዓመት ውስጥ ለየብቻ የምትማሪያቸው ኮርሶች ተሰባስበው በአንድ ሥራ ላይ የሚውሉበት መስክ ቢፈለግ ከጌም የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ የመምህርሽንም ቃል ጨርሶ አትጣይው። «ጌም እሠራለሁ» ማለት ብቻውን የፕሮጀክት ሐሳብ አይሆንም፤ «ዌብሳይት እሠራለሁ» ማለትም እንደዚያው ነው። የመመረቂያ ሥራ አንድ ጥያቄ አንሥቶ፣ ለጥያቄው መልስ ሊሰጥ የሚችል ነገር ሠርቶ፣ የተሠራውን ለክቶ፣ ያገኘውን በማስረጃ የሚያስረዳ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ ተማሪዎችን ሳማክር በቆየሁባቸው ዓመታት የጌም ፕሮጀክት ሲጸድቅም ሲወድቅም አይቻለሁ፤ ልዩነቱ የጌሙ ማማር ወይም አለማማር ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ልዩነቱ በፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጥያቄ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነበር።

ኦነርስ ስለሚባለው ዲግሪ ያደረብሽ ግራ መጋባት ተገቢ ነው፤ ቃሉ እንደየአገሩ ትርጉሙ ይለያያልና። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ሦስት ዓመት፣ በስኮትላንድ አራት ዓመት ሲሆን፣ ኦነርስ በዚያው ዲግሪ ውስጥ የሚካተትና በመጨረሻው ዓመት በሚሠራ ራሱን የቻለ ጥናት የሚታወቅ ደረጃ ነው። በደቡብ አፍሪካ ግን ተማሪው የመጀመሪያ ዲግሪውን ከጨረሰ በኋላ ለብቻው ተመዝግቦ የሚማረው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ በአገሪቱ የብቃት ማዕቀፍ 8ኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ማስተርስ የሚያሻግረውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ በማዕረግ መመረቅ የምንለው ከሁለቱም ይለያል፤ የውጤት ነጥብ ጉዳይ ነው እንጂ የተጨማሪ ጥናት ስም አይደለም። በጌም ላይ ያተኮረ ዲግሪ መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ የሚገኘው አበርቴይ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ጌም ሠሪዎች ሌላ ሌላ ነገር ተምረው የመጡ ናቸው፤ ዛሬም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው።

እንግዲህ የውጭውን ማስታወቂያ ስታዪ የምመክርሽ ይህን ነው። የኦነርስ ትምህርት በአብዛኛው መሠረቱ ተማሪው በአማካሪ እየታገዘ ራሱ የሚያካሂደውና ራሱ የሚጽፈው ጥናት ነው። የአንቺ የአራተኛ ዓመት ፕሮጀክት ደግሞ ይኸው ነው። ነገ ለኦነርስም ሆነ ለማስተርስ ብታመለክቺ፣ ዲግሪሽን በየትኛው ደረጃ እንደሚቀበሉት የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በእጅሽ ይዘሽ የምትቀርቢው ማስረጃ ግን ይህ ፕሮጀክት ይሆናል። ስለዚህ ኦነርስ ለጌም የግድ አያስፈልግም፤ በአራተኛ ዓመትሽ የምትሠሪው ሥራ ግን ለኦነርስም ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአይቲ ትምህርት ለጌም ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይጎድለዋል? የሰጠሽን ታውቂዋለሽ፤ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ሲስተም አናሊስስ፣ የሰውና የኮምፒውተር ግንኙነት። እነዚህ ሁሉ ጌም ውስጥ አሉ። የሚጎድለው በዋናነት ሂሳቡ ነው። ጌም በቬክተርና በማትሪክስ ይንቀሳቀሳል፤ የአይቲ ተማሪ ግን ከዲስክሪት ማቴማቲክስና ከስታትስቲክስ በቀር ይህን ሂሳብ በብዛት አያገኘውም። የሚያስደስተው ነገር ትምህርቱ እንግዳሽ አለመሆኑ ነው፤ ማትሪክስንም ቬክተርንም 11ኛ ክፍል ተምረሻቸዋል። ያን መጽሐፍ ከወንድም ወይም ከእኅት ተዋሺና ምዕራፎቹን በዚህ ክረምት ከልሺ።

ሂሳቡ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የገና ጨዋታን የሚመስል ጌም ትሠሪያለሽ እንበል። ሩሯ ወደ ቀኝ 4፣ ወደ ታች 3 ፍጥነት ይዛ መሬት ትመታለች። ከመሬት ስትነጥር ምን ትሆናለች? መሬቱ ወደ ላይ የሚያመለክት አቅጣጫ አለው፤ የሩሯ ፍጥነት በዚያ አቅጣጫ ላይ ያለውን ድርሻ ፈልገሽ እጥፉን ትቀንሺዋለሽ፤ ወደ ቀኝ የነበረው 4 እንዳለ ይቀራል፤ ወደ ታች የነበረው 3 ወደ ላይ 3 ይሆናል። ይህ ለጠፍጣፋ ሜዳ ግልጽ ነው፤ ያለ ሂሳብም ይገመታል። ሜዳው ግን ተዳፋት ሲሆን ግምት አይሠራም፤ ያው የቬክተር ስሌት ግን ምንም ሳይለወጥ ይሠራል። ተማሪዎች ሂሳቡን ሸሽተው በ«ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» ብቻ ሲሞክሩት ኮዳቸው ሁለትና ሦስት መቶ መስመር ይደርስና በመጨረሻ ራሳቸውም አያነቡትም።

ሁለተኛው እንግዳ ነገር ጊዜ ነው። ተራ የአይቲ ሲስተም ተጠቃሚው እስኪነካው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጌም ግን አይጠብቅም፤ የተጫዋቹን ትእዛዝ ያነባል፣ ዓለሙን ያዘምናል፣ ይሥላል፣ ደግሞ ይጀምራል። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚሣል ከሆነ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ በዚያች ውስጥ ሁሉም ነገር ማለቅ አለበት። አንድ ተማሪዬ ይህን የተማረው በዲፌንሱ፣ ማለትም ሥራውን በፈታኞች ፊት በሚያስረዳበት ቀን፣ ዋዜማ ነው። ኳሷ በእያንዳንዱ ፍሬም (ስክሪኑ አንድ ጊዜ በተሣለ ቁጥር) 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) እንድትሄድ ጽፎ ነበር። በላቦራቶሪው ኮምፒውተር 60 ፍሬም ስለነበረ ኳሷ በሰከንድ 300 ፒክስል ትሄዳለች፤ ደስ ትላለች። ማታ ዶርም ገብቶ በጓደኛው አሮጌ ስልክ ሲከፍተው ስልኩ በሰከንድ ከ20 ፍሬም በላይ አልችል አለ፤ ኳሷም በሰከንድ 100 ብቻ እየተጓዘች ጭቃ ውስጥ እንደገባች ሆነች። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ፍጥነቱን ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ ማባዛት። ያን ጊዜ ፈጣኑ ማሽን 5 በ5፣ ዘገምተኛው 15 በ15 እየሄደ በአንድ ሰከንድ እኩል ይደርሳሉ። ይህን የመሰለ እውቀት በሌላ ኮርስሽ ውስጥ ስላላጋጠመሽ እንጂ ከባድ ሆኖ አይደለም።

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው የቅኔ ቤትን ሥርዓት አይቶም ሰምቶም ያውቃል፤ እኔም ለጌም ተማሪ ከዚያ የተሻለ የትምህርት ቅደም ተከተል አላገኘሁም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ተማሪ ቅኔ መቁጠር የሚጀምረው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ነው። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በመካከል ያሉትን ሁሉ እየቆጠረ፣ ለመምህሩ እየነገረ፣ እየታረመ ከሄደ በኋላ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ አያመጣም፤ አዲስ ይቆጥራል። ጌምም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ሥራሽ አንድ ሕግ፣ አንድ ቁልፍና አንድ የመሸነፊያ መንገድ ያለው፣ በሳምንት የሚያልቅ ይሁን። ማለቅ ስል መጀመሪያ ገጽ፣ ድምፅ፣ ነጥብና እንደገና የመጀመር ቁልፍ ኖሮት ማለቴ ነው። ከዚያ ለሦስት ሰዎች ስጫቸው፤ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ አንድም ቃል አትናገሪ። «እዚህ ጋ ንኪው» ልትይ ስትቃጪ ያን ቦታ በማስታወሻሽ ላይ ጻፊ፤ ስሕተቱ ያለው የተጫዋቹ እጅ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ ጌም ሦስት ከጨረሽ በኋላ ለመመረቂያሽ ትበቂያለሽ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ አራት ሆነን የአድዋን ጦርነት በጌም እንሠራለን ብለን ተነሣን። ሐሳቡ ትልቅ ነበረ፤ ፍቅራችንም እውነተኛ ነበረ። መስከረም ጀምረን እስከ የካቲት ተራሮቹንና ፈረሶቹን ስንቀርጽ ቆየን። ሥራውን የምንለዋወጠው በፍላሽ ነበር፤ የማን ቅጂ የመጨረሻው እንደሆነ ጠፋብን፤ አንድ ቀን ፍላሹን ቫይረስ ገባውና የሁለት ወር ሥራ አብሮ ሄደ። ለዲፌንስ የቀረብነው አንድ ፈረስ በተዳፋት ላይ ሲሄድ ይዘን ነው። ከፈታኞቹ አንዱ በትሕትና «ተጫዋቹ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። አራታችንም መልስ አልነበረንም። አለፍን፤ ነገር ግን ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ የማማክረውን ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምጠይቀው እሱን ነው።

ስለዚህ ኮድሽን ከመጀመሪያው ቀን ለውጡን ሁሉ እየመዘገበ በሚያስቀምጠው ጊት በተባለ ፕሮግራም ያዢ። ጊት ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ለውጡ በራስሽ ላፕቶፕ ላይ ይመዘገባል፤ መስመሩ ሲመለስ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው የኮድ ማስቀመጫ፣ ወደ ጊትሀብ፣ ትልኪዋለሽ። ጊትሀብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልምና ትልልቅ የሥዕልና የድምፅ ምንጮችን ለብቻ አስቀምጪ።

አሁን «ጥያቄ ያለው ጌም» ያልኩትን በተግባር ላሳይሽ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነው የማቀርብልሽ፤ እሱንም በደንብ። ገበጣን ሥሪ።

ገበጣ ለአይቲ ተማሪ ሁሉም ነገር የሞላለት ነው። ሁለት ረድፍ፣ በረድፍ ስድስት ጉድጓድ፣ በጉድጓድ አራት ጠጠር ያለውን እንውሰድ፤ 12 ቁጥሮች፣ 48 ጠጠር። ይህን በፕሮግራም ለመያዝ 12 ቦታ ያለው አሬይ (የቁጥሮች ዝርዝር)፣ የማን ተራ እንደሆነ የሚናገር አንድ ምልክትና ሁለት ነጥብ ይበቃል። ሕጉን ግን ከኢንተርኔት አትቅጂው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ገበጣ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አንድ ጨዋታ ሳይሆን እጅግ ብዙ ዓይነት ያለው የጨዋታ ቤተሰብ ነው፤ ሦስት ረድፍ ያለው ዓይነት ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ እምብዛም አይታወቅም። ሞጣ ያሉ አባት የሚጫወቱበት ሕግ ቢቸና ካሉት ሊለይ ይችላል። ታዲያ ያን ሕግ ሄዶ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ ሁለት ሰዎች የተለያዩበትን ቦታ ለይቶ ማውጣት በሲስተም አናሊስስ የተማርሽው የፍላጎት ማሰባሰብ ሥራ ነው፤ ለሰነድሽ ሁለተኛ ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ ይዘት የለም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ እንዲጫወት ታስተምሪዋለሽ። አንድ ተጫዋች በተራው ቢበዛ ስድስት ምርጫ አለው። ኮምፒውተሩ ስምንት ተራ ወደፊት አስቦ ይወስን ብትዪ ቢበዛ 6 በራሱ ስምንት ጊዜ ተባዝቶ 1,679,616 አቋሞችን ማየት አለበት፤ አሥር ተራ ከሆነ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ይህ ተጫዋቹን ያሰለቻል። እዚህ ላይ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስሽ የምታገኚው ሚኒማክስ (ተጋጣሚው የተሻለውን እንደሚጫወት ገምቶ የሚመርጥ ዘዴ) እና አልፋ ቤታ የሚባለው የቅርንጫፍ መቁረጫ ዘዴ ይገባል፤ ምርጫዎቹ ከጥሩው ጀምረው ከተሰለፉ ያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የነበረው ወደ ጥቂት ሺህ ሊወርድ ይችላል። ይኸውልሽ፣ ጥያቄሽ ተወለደ። «በዝቅተኛ ዋጋ በሚሸጡ ስልኮች ላይ የገበጣ ተጫዋች ፕሮግራም ከአንድ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ስንት ተራ ወደፊት ማሰብ ይችላል፤ የምርጫዎች አሰላለፍስ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?» ይህን ሦስት ዓይነት ስልክ ተውሰሽ በሚሊሰከንድ ትለኪዋለሽ፤ ሠንጠረዥና ግራፍ ይወጣዋል። «ጌም የአይቲ ሥራ አይደለም» የሚል መምህር ይህን ርእስ አይቶ የሚቃወምበት ምክንያት አይኖረውም፤ ለእሳቸውም ከብዙ ትሕትና ጋር ይህንኑ ይዘሽ ተመለሺ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በብዙ የገበጣ ዓይነቶች የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ተጫዋቹ ያን አፍሶ ማደሉን ይቀጥላል። በዚህ ሕግ አንድ ተራ እጅግ ሊረዝም፣ እንደ ሕጉ ዓይነትም ጨርሶ ላያልቅ ይችላል። በአዳራሹ ፊት ፕሮግራምሽ እንዳይቆም ገደብ አብጂለት፤ ገደቡ ላይ ሲደርስ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉም ሽማግሌዎቹን ጠይቂ።

የጥናቱን አቅጣጫ የውጭው ዓለምም ያውቀዋል። የገበጣ ዘመድ የሆነውን አዋሪ የተባለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም የሚገኙ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል፣ ከ889 ቢሊዮን በላይ የሆኑ አቋሞችን በኮምፒውተር አስልተው ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ ጨዋታው አቻ እንደሚያልቅ አረጋግጠዋል። የእኛን ሕግ የሚከተሉት የገበጣ ዓይነቶች ግን ገና ብዙ የሚጠና ነገር አላቸው። ሰነድሽ ላይ ይህን ጠቅሰሽ ሥራሽ የት ጋ እንደሚቆም ማሳየት ትችያለሽ።

ገበጣ ካልሳበሽ የአገራችንን ሰንጠረዥ ተመልከቺ። የሰንጠረዥ መክፈቻ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ፤ ከተበላ በኋላ ግን በተራ ይሆናል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከቅጽበታዊ ወደ ተራ ጠባቂ የሚሸጋገር ሥርዓት ለሁለት ስልኮች በኔትወርክ መሥራት የኔትወርክ መምህራንሽን ጭምር የሚያስደስት ችግር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢነኩ ማን ቀደመ?

ልጆችን ሂሳብ የሚያስተምር ጌም ለመሥራት የሚፈልጉ ተማሪዎችም ብዙ ናቸው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ውጤታቸው ተሻሻለ» ለማለት ከትምህርት ቤቱና ከወላጆች ፈቃድ፣ ከጨዋታው በፊትና በኋላ የሚሰጥ ፈተና፣ ጌሙን ያልተጫወተ ማነጻጸሪያ ክፍል ያስፈልጋል። ለአንድ ዓመት ፕሮጀክት ይከብዳል።

ስለ መሣሪያው፣ ኢንጂን ስለሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም፣ ልመልስልሽ። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ አንሪል ኢንጂንን አትሞክሪው፤ አቅሙ ድንቅ ነው፤ ግን ማሽንሽም ዲስክሽም አይችሉትም። ዩኒቲ በሲሻርፕ ስለሚጻፍ ለአይቲ ተማሪ ቅርብ ነው፤ ማስተማሪያውም ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ በአንቺ ማሽን ላይ በየጊዜው እየጠበቅሽ ነው የምትሠሪው። ለአንቺ የምመርጠው ጎዶትን ነው። በአርጀንቲና ሰዎች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱ ለሁሉም የተከፈተ፣ ክፍያም ሆነ ድርሻ የማይጠይቅ ነው፤ ዋናው ፕሮግራም ከ200 ሜጋባይት ያነሰ ስለሆነ አንድ ሰው አውርዶ ለክፍሉ ሁሉ በፍላሽ ማደል ይችላል፤ መመሪያውንም አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት ታነቢዋለሽ። ወደ አንድሮይድ ለማውጣት የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፋይሎች ግን ትልልቅ ናቸውና እነሱን ኔትወርክ ባለበት ቀን አስቀድመሽ አውርጂ። ላፕቶፕሽ የቆየ ግራፊክስ ካርድ ካለው ደግሞ ፕሮጀክቱን ስትከፍቺ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን የሥዕል ዘዴ ምረጪ።

የፈቃድን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር አትዪው። ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ጌሙ በተጫነ ቁጥር የሚቆጠር ክፍያ እንደሚያስከፍል አስታውቆ በዓለም ያሉ ጌም ሠሪዎችን አስደንግጦ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሰረዘው። ክፍያው ትልልቆቹን እንጂ ተማሪን የሚነካ አልነበረም፤ ግን የምትሠሪበት መሣሪያ ሕጉ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያሳያል። ከኢንተርኔት የምታወርጂው ሥዕልና ድምፅም ባለቤት አለው፤ ፈቃዱን አንብበሽ በሰነድሽ አባሪ ላይ መዝግቢ።

አሁን ብዙዎች ሳያስቡት የሚጠመዱበትን ነገር ልንገርሽ፤ ፊደሉን። ጌምሽን በአማርኛ ስትሠሪ የመጀመሪያው ቀን ላይ «ጀምር» ብለሽ ጽፈሽ በስክሪኑ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥን ልታዪ ትችያለሽ። ኢንጂኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ የተጠቀመው ፎንት የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ነው። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚያገኙበት በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አለው፤ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፎንቶች አሉ፤ አንዱን ወደ ፕሮጀክትሽ አስገቢና በሁሉም ጽሑፍ ላይ አድርጊው። በዩኒቲ የምትሠሪ ከሆነ ፎንቱ ወደ ሥዕል ሲቀየር የትኞቹ ፊደሎች እንደሚካተቱ አንቺው ትነግሪዋለሽ፤ የላቲኑ መቶ እንኳ አይሞላም፤ የእኛ ግን ከሦስት መቶ በላይ ነውና የሥዕሉን መጠን ካላሰፋሽው ፊደሉ ይደበዝዛል። የአራት ነጥቡንና የነጠላ ሰረዙን ምልክት ማካተት አትርሺ፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ይረሷቸዋል። በተረፈ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍና እንደ ዐረብኛ ፊደል እርስ በርስ ስለማይያያዝ ከዚህ የበለጠ አያስቸግርሽም።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግድ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ስለ ጌም አንድም ጥያቄ አይጠይቅሽም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በጣም ደስ በሚልሽ ጊዜ ኔትወርክና ዳታቤዝ ማጥናቱን እንዳታቆሚ፤ ጥሩ ጌም ሠርቶ በመውጫ ፈተና ወድቆ የቀረ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለ ሥራ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ቤተሰብ ይጠይቅሻልና እውነቱን ልንገርሽ። በጎጃም ከተሞች ጌም ሠሪ ብሎ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት እኔ አላገኘሁም። አዲስ አበባ ላይ እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ፣ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጌም ሠርተው ያወጡ ድርጅቶች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ጌም የሠራ ልጅ የስልክ መተግበሪያ መሥራት አያቅተውም፤ ፍጥነትና የሜሞሪ ቁጠባ ምን እንደሆነ በእጁ ያውቃል። ቀጣሪ ሲጠይቅሽ ስልክሽን አውጥተሽ «ይኸው፣ ይጫወቱት» ማለት መቻልሽ ከብዙ ወረቀት ይበልጣል። ለዚህም ጌሙ የሆነ ቦታ ላይ ወጥቶ መገኘት አለበት። ኢች የሚባለው የጌም ማስቀመጫ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ መጫን ይቻላል። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ይጠይቃል፤ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክሩለት ያስገድዳል። 12 ሰው ዶርም ውስጥ ይገኛል፤ 14ቱ ቀን ግን ከዲፌንስ በፊት መቆጠር አለበትና ቢያንስ ከወር በፊት ጀምሪው።

ክረምቱ ቀርቧል፤ ወደ ሞጣ ትሄጃለሽ። ላፕቶፑን ከመክፈትሽ በፊት ደብተርና 48 ጠጠር ይዘሽ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ገበጣ የተጫወቱ ሁለት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደሽ ቁጭ በይ። አንደኛው ለብቻ፣ ሌላኛው ለብቻ ሕጉን ያስረዱሽ፤ ከዚያ አብረው ይጫወቱ። በሚከራከሩበት ቦታ ላይ አታስታርቂያቸው፤ ሁለቱንም ጻፊ። ያን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ፕሮፖዛሉን ከእሱ ተነሥተን አብረን እንጽፈዋለን።